የቤዛን ጥቅስ አቆይቼዋለሁ

ከጎፋ የወጣን ዕለት ማታ ዝናብ ነበር። ሊያደርሰን ቃል የገባው ጎረቤታችን በሁለት ሰዓት እመጣለሁ ብሎ ገና ከአንድ ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ክላክስ ያደርጋል፤ እናቴ ደግሞ የተዘጋውን ሻንጣ እንደገና ከፍታ ዳቦ ቆሎ ትጠቀጥቃለች። «እማዬ፣ ጀርመን እኮ ርሃብ የለም» ብላት «ርሃብ ባይኖር መንገድ አለ» አለችኝ። እኔ ቪዛው ፓስፖርቴ ላይ ተለጥፎ እንኳ ነገሩን አላመንኩትም ነበር። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ ይባል የለ፣ እንደዚያ። ባለቤቴ ደረጀ ቀድሞን ከሄደ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ስንቴ ደረሰላችሁ ተብሎ ስንቴ ቀርቷል።

የቀረን ጸሎቱ ብቻ ነበር። እኛ ቤት አንድ ልማድ አለ። ለእያንዳንዱ ልጅ ገና በሆዴ ሳለ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ጥቅስ መርጬለታለሁ። ማታ ከመተኛታቸው በፊት እጄን ራሱ ላይ ጭኜ፣ ጥቅሱ ውስጥ የልጁን ስም አስገብቼ እጸልያለሁ፤ ልጁ በገዛ አፉ «አሜን» ካላለ እጄ አይነሳም። ተራው ከትንሽ ወደ ትልቅ ነው። የትንሿ የሶስና ጥቅስ «በሰላም እተኛለሁ፣ አንቀላፋለሁም» የሚለው ነው፤ ሆዴ ውስጥ ሆናም እንቅልፍ አትወድም ነበር። የናታን «ጽና፣ አይዞህ» ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት እንኳ ድመት ያስፈራዋል። የትልቋ የቤዛ ደግሞ ከዳዊት ነው፦ «እግዚአብሔር መውጣትሽንና መግባትሽን ይጠብቃል»።

እናቴ የኦርቶዶክስ ልጅ ናት፣ የብስራተ ገብርኤልን ደጅ ሳትስም የማትውል። እኔ ጴንጤ የሆንኩ ጊዜ ስንት ወር አኩርፋኝ ነበር። በዚህ በጥቅሱ ነገር ግን ተጣልተን አናውቅም። ማታ ማታ ሶፋው ላይ ሆና ጆሮዋን አቁማ ትቆጥራለች፤ ሦስተኛው አሜን ሲሰማ «በሉ፣ አሁን ቤቱ ተዘጋ» ትልና ወደ መኝታዋ ትሄዳለች።

በዚያ ማታም ሶስና ተጸለየላት፣ ናታን ተጸለየለት። ቤዛን ብጠራት የለችም። ጓዳ ገብታ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች። ሄጄ እጄን ወደ ራሷ ስዘረጋ ቀስ ብላ ራቀችብኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«የኔን አቆዪልኝ» አለችኝ።

«ምኑን ነው የማቆየው?»

«ጥቅሴን። ስንገናኝ እጅሽን ጭነሽ ትጸልዪልኛለሽ። አሁን ከጸለይሽ ጨርሰሽ ነው የምትሄጂው። የቀረሽ ነገር ካለ ግን እኔን ሳታመጪ እንቅልፍ አይወስድሽም።»

ልጄ ናት፤ እልኋን የወሰደችው ከኔ ነው። ያ ሰውዬ ክላክሱን ሲያቀልጠው መከራከሪያ ጊዜ አልነበረኝም። ሳምኳትና ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ገብተን ስንንቀሳቀስ ሁለት አሜን ብቻ እንደተባለ ትዝ አለኝ። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ቤቱ ተዘጋ አላለችም።

ቤዛን ለምን ተውሻት እንዳትሉኝ። ቤዛ የደረጀ ልጅ አይደለችም፤ ከሱ በፊት የወለድኳት ናት። እሷን ይዤ ለመውጣት የወለዳት አባቷ ፈቅጃለሁ ብሎ መፈረም ነበረበት። ሰውዬው ዲላ ነው ሲሉን ሐዋሳ፣ ሐዋሳ ሲሉን ነቀምት፤ ተገኝቶ እስኪፈርም ልጅቷ አሥራ ስምንት ሞላት። አሥራ ስምንት ከሞላት ደግሞ ያ ፊርማ ምንም አይሠራም አሉን ኤምባሲ። ይኸው ነው። ሁለቱን ይዤ ካልሄድኩ የነሱም ፈቃድ ሊቃጠል ነው። እናት ሆኖ ይህን መምረጥ ለጠላትም አይስጥ።

ያለንበት ከፍራንክፈርት ወጣ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ንጹሕ ናት፣ እግዜር ይመስገን፣ ውኃ አይጠፋም፣ መብራት አይጠፋም። አውቶቡሱ በተባለው ደቂቃ ይመጣል። ግን አንድ ሰው «ጠጋ በሉ» አይልሽም፣ «ሂሳብ» የሚልሽ የለም፣ አጠገብሽ የተቀመጠው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አብሮሽ ተጉዞ ይወርዳል። ከጀሞ ጎፋ በታክሲ የሰማሁትን ያህል ወሬ እዚህ በዓመትም አልሰማሁ። ዳቦው ድንጋይ ነው፤ መጀመሪያ የቆየ ዳቦ ሸጡልኝ ብዬ ልመልሰው ነበር፣ ለካ ሲወዱት ነው። በበጋ ደግሞ ፀሐይ አልጠልቅም ትላለች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ውጪው ቀን ነው። ናታን መጋረጃውን ገልጦ እያየ፣ በጠራራ ፀሐይ «በሰላም እተኛለሁ» ማለት ውሸት አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የሶስና ጥቅስ ነው፣ አንተን አይመለከትህም አልኩት።

እኔ ስጸልይ ድምፄ ትንሽ ወጣ ይላል። ጎፋ እያለሁ ማን ይሰማኛል፤ በአንድ በኩል ቅዳሴ፣ በአንድ በኩል አዛን፣ በሌላው የጎረቤት ቴሌቪዥን። እዚህ ግን ገና በገባን በሁለተኛው ሳምንት አከራያችን በሩን አንኳኩ። ከላያችን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፤ ስማቸው ምላሴ ላይ ስለማይዞርልኝ ፍራው፣ ወይዘሮ እንደ ማለት፣ ብቻ ነው የምላቸው። ደረጀ እያስተረጎመ፣ ሴትዮዋ በየማታው ከማን ጋር ነው የምትጣላው ብለው ጠየቁ።

«ጠብ አይደለም፣ ጸሎት ነው በላቸው» አልኩት።

ነገራቸው። አሰቡና፣ እግዚአብሔር ጆሮው አይሰማም እንዴ አሉ። እኔም ደሜ ፈላ። እግዚአብሔርማ ይሰማል፣ የምጮኸው ሰይጣኑ ላይ ነው በላቸው አልኩት። ደረጀ ይህን አልተረጉምም ብሎ ለመነኝ፤ ትተረጉማለህ አልኩት። ላቡ እየወረደ ተረጎመው። ፍራው ፊታቸው ሳይፈታ መለሱ።

«ከሰይጣን ጋርም ቢሆን ከአራት ሰዓት በፊት ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ሩዌ ነው።»

ሩዌ ማለት ጸጥታ ነው። እዚህ አገር ከሕግ ሁሉ በላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰይጣንን በሹክሹክታ ነው የምገሥጸው። ፍራውም ክፉ ሰው አይደሉም፤ በክረምቱ ሶስና ስትታመም የሾርባ ድስት ይዘው መጡና፣ ዛሬ ትንሽ ጮክ ብትዪም ችግር የለውም አሉኝ።

የውጭ አገር ሰዎችን ጉዳይ የሚያየው መሥሪያ ቤት ሰው ግን ሾርባ የሚያመጣ ዓይነት አልነበረም። ስለ ቤዛ ለመጠየቅ ቴርሚን ያዝን፤ ቀጠሮ ማለት ነው፣ እዚህ ሰው ያለ ቴርሚን የሚሞትም አይመስለኝም። ሰውየው ልጅ እግር ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ትንሽዬ ቁልቋል ተክሏል። ፋይሉን አየና፣ አዋቂ ናት፣ ራሷን ችላ ትኖራለች አለ። ሩዝ ስትቀቅል ታሳርራለች በለው አልኩት ለደረጀ። ሰውየው ፈገግ አላለም።

«በሕጉ ልጅ አይደለችም» አለ።

«ታዲያ ምኔ ናት?»

ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ቦታ የለም መሰለኝ፣ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ አንድ መንገድ ነገረን፦ ቋንቋውን ተምራ ፈተናውን ካለፈች፣ በነርስነት ሠልጣኝ ሆና ማመልከት ትችላለች። አውስቢልዱንግ ይሉታል። ቁልቋሉን ላቅፍለት ምንም አልቀረኝ።

ቤዛም ጀመረች። ጠዋት ሱቅ ትሸጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ጀርመንኛ ትማራለች፣ ማታ በስልክ እኔን ታርማለች። እኔ እዚህ ተቀምጬ የወንዱን «ደር» ከሴቱ «ዲ» ስደባልቅ እሷ ጎፋ ሆና «ማሚ፣ ታሳፍሪያለሽ» ትለኛለች። ጥቅሱን ግን አንድ ቀን እንኳ በስልክ አላስጸለየችኝም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ በእናቴም አስለመንኩ። «እጅሽ የለበትማ» ትለኛለች። እናቴ ስልኩን የቤዛ ራስ ላይ ልታስቀምጥ ሞክራ ነበር፤ ሁለቱም ሳቁ፣ ስልኩ ወደቀ፣ መስተዋቱ ተሰነጠቀ።

እዚህ ያለነው ጥቂት ሐበሾች እሁድ እሁድ የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተከራይተን እንሰበሰባለን። ሽማግሌያችንን አማከርኳቸው። እግዚአብሔር በእጅ አይታሰርም፣ ዝም ብለሽ ጸልዪ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለቤዛ እኮ ሁልጊዜ እጸልያለሁ፤ ልብስ እያጠብኩ፣ ዕቃ እያነሳሁ፣ ስሟን ሳልጠራ አልውልም። ያን ጥቅስ ግን አልነካውም። አቆዪልኝ ብላኛለች፣ እሺ ሳልል ብወጣም እሺ እንዳልኩ ነው። የልጅ አደራ ይበላል እንዴ?

ስለዚህ ማታ ማታ እንዲህ ሆነ ልማዳችን። ሶስና አሜን ትላለች፣ ናታን አሜን ይላል። ከዚያ ሶስና ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ «የቤዛስ?» ትለኛለች። «የቤዛ ቆይቷል» እላታለሁ። እሷም ጸሎት መስሏት «አሜን» ትላለች።

ቤዛ የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች። ገና ትፈተኛለሽ አልናት። ሁለተኛውንም ለጥቂት ወደቀች። ከዚያ በኋላ ድምጿ ተለወጠብኝ። ስደውል «ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ፣ ስህተቴን ማረም ተወች። «ደር» ማለት ሲገባኝ ሆን ብዬ «ዲ» እላለሁ፣ ታልፈዋለች። እናቴ ደግሞ ልጅቷ ለቡ ለቡ ታበዛለች አለችኝ። ለቡ ሰፈር ውስጥ ሐና የምትባል የትምህርት ቤት ጓደኛ አለቻት፤ አዲስ ኮንዶሚኒየም ከእህቷ ጋር ትኖራለች። ወጣት ናት፣ ትዝናና አልኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀውን እኔ አላወቅሁም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የምሠራው አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ነው። በሥራ ሰዓት ስልክ ክልክል ነው፤ ቤዛ መሆኗን ሳይ ግን አነሳሁት፣ በዚህ ሰዓት ደውላ አታውቅም።

«ማሚ፣ ጥቅሴን ጸልዪልኝ» አለችኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። እንባዬ መጣ። ያጣጠፍኩትን አንሶላ ጣልኩት፣ ቀኝ እጄን ልክ ራሷ ከፊቴ እንዳለ ዘረጋሁ። «እግዚአብሔር» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ አንድ ነገር ያዘኝ። ስንት ዘመን ተለምና እምቢ ያለች ልጅ፣ ዛሬ በማክሰኞ ጠዋት ምን አግኝቷት ነው?

«የት ነሽ?» አልኳት።

«ሐና ጋ።»

«እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ሐናና እሷ ወደ ቤሩት ሊሄዱ ነው፤ የሐና እህት የምታውቀው ደላላ አለ፤ ፓስፖርቷን ወስዷል፤ በረራው ነገ ነው። የቤት ሠራተኛ እሆናለሁ፣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ፣ ጀርመን የሚባል ነገር ለኔ አልተፈጠረም አለች። ለእማማ ሳልነግራት ነው የምወጣው፣ አንቺ ግን ጸልዪልኝ አለች። መቆጣት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ከጮኽሽብኝ እዘጋዋለሁ። ጥቅሴ ስለ መውጣት አይደል? ይኸው ልወጣ ነው። ጸልዪልኝ።»

ከጎፋ ወደ ቤሩት የሄዱትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የተመለሱትንም ያልተመለሱትንም ታውቃላችሁ። እጄ አየር ላይ እንደተዘረጋ ነበር። ልጄ ጸልዪልኝ ብላ ለምና እናቷ እምቢ ስትላት አስቡት፤ እኔ ሁለት ልጅ በጥቅስ አስተኝቼ የማድር ሴት። ግን ልቤ ውስጥ ገባኝ። ያንን ቃል ያስቆየችው እኔን ለመጠበቅ ነበር። ዛሬ ተቀብላው መሄድ ፈለገች ማለት መጠበቁን ተወች ማለት ነው። ከጸለይኩላት ጨረስን፤ እሷም ጨርሳ ትሄዳለች፣ እኔም ጨርሼ እቀራለሁ።

«አልጸልይም» አልኳት።

«ምን?»

«አልጸልይም፣ ቤዛዬ። አቆዪልኝ ብለሽኛል፣ አቆይቻለሁ። አንዲት ቀን አልነካሁትም። ያ ጥቅስ በእጄ ነው የሚሰጥሽ፣ ራስሽ ላይ። በስልክ ለደላላ አልሰጥም።»

«ማሚ፣ ያለ ጥቅሴ ልሂድ?» ድምጿ ተሰበረ። የሕፃንነቷ ድምፅ ሆነ።

«አትሂጂ። እኔ እዚህ ነኝ፣ እየፈለግሁሽ ነው። እንቅልፍ አይወስድሽም ብለሽኝ አልነበር? አልወሰደኝም።»

ስልኩ ተዘጋ። እሷ ትዝጋው፣ ካርዷ ይለቅባት አላውቅም። መልሼ ብደውል አይነሳም። ሐላፊዬ መጥታ ምን ሆንሽ አለችኝ፤ ጀርመንኛዬ ሁሉ ጠፋብኝ፣ «ልጄ» የሚለውን ቃል እንኳ አጣሁት። ወደ ቤትሽ ሂጂ ብላ በእጇ አሳየችኝ። እኔ ግን አንሶላ ማጠፌን ቀጠልኩ፤ ቤት ሄጄ ምን ልሠራ? ለእናቴ ደወልኩላትና ነገርኳት። ወይኔ ብላ ትጮሃለች ብዬ ስፈራ፣ ረጋ ብላ «ጠዋት ሻንጣዬን ስትሸከም አይቻታለሁ፤ ለሐና ላውሳት ነው አለችኝ። ያ ሻንጣ እኮ ዚፑ አይሠራም» አለች። ቀጥላ ለገብርኤል እነግረዋለሁ፣ አንቺም ለጌታሽ ንገሪ፣ ሁለቱ ይመካከሩ አለችኝ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቅሁ፤ ስስቅ ደግሞ እንባዬ ይወርዳል።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ላመጣ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ቤዛ ናት። ሃሎ ብል አትመልስም። ከጀርባዋ የሞተር ድምፅ፣ የራዲዮ ዘፈን፣ አንዲት ሴት «መስኮቱን ዝጊው፣ ብርድ ነው» ስትል ይሰማኛል። ቤዛ ትተነፍሳለች እንጂ አትናገርም። እኔም ዝም አልኩ፤ ብናገር የሚበተን መሰለኝ። ወዴት እንደሚሄድ የማላውቀው ታክሲ ጆሮዬ ውስጥ ይሄዳል። ቦሌ ይሁን፣ ደላላው ቤት ይሁን፣ እንዴት ልወቅ? ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ጀርመናዊ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ሩዌዬን ጠብቄያለሁ፣ ምን ያዩኛል?

ብዙ ሄደ። ከዚያ የልጄን ድምፅ ሰማሁ። ለኔ አይደለም የተናገረችው።

«ወራጅ አለ። ጎፋ ማዞሪያ ጋ።»

በሩ ሲንሸራተት፣ አንድ ሰው ሻንጣውን ሲያወርድላት፣ ዚፑ ተከፍቶ ነው መሰለኝ «ልብስሽ ወደቀ» ሲላት ሰማሁ። አመሰገነችው። መራመድ ጀመረች። ኮብልስቶኑ ላይ የሻንጣው ጎማ ሲንኳኳ እኔ እያንዳንዱን ደጅ አውቀዋለሁ፤ ይሄ ፀጉር ቤቱ፣ ይሄ የአትክልት መሸጫው፣ ይሄ ውኃ የሚያቁረው ቦታ። የኔ አውቶቡስ ትምህርት ቤቱን አልፎ ሄደ፣ አልወረድኩም።

«ማሚ» አለችኝ በመጨረሻ።

«ወዬ።»

«ፓስፖርቴን አልመለሰልኝም፤ ነገ ከእማማ ጋር ሄደን እንቀበለዋለን።» አፍንጫዋን ሳበች። «ፈተናውን ሦስተኛም ብወድቅስ?»

«ትወድቂና አራተኛ ትፈተኛለሽ። እኔ አሁንም 'ደር' እና 'ዲ' እደባልቃለሁ፣ ማንም አላባረረኝ።»

«አንቺማ ታሳፍሪያለሽ» አለችኝ። ያን ቃል ከሰማሁ ስንት ወር ሆኖኝ ነበር።

የቤታችንን የቆርቆሮ በር ስትመታ ሰማሁ። የእናቴ ነጠላ ጫማ ከውስጥ እየተጎተተ መጣ። ቤዛ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ እማማ እንዳትሰማ ዝቅ ብላ ጠየቀችኝ።

«ጥቅሴ አለ?»

«አለ» አልኳት። «አልነካሁትም።»

በሩ ተከፈተ። እናቴ ምንም አልጠየቀቻትም፤ «ግቢ» ብቻ አለቻት።